ልዩ ተሰጥኦ ላለው ልጅ የሰፈር ትምህርት ቤት ወይስ ማዕከል? ለጅማ ወላጆች የምርጫ መመሪያ

በየዓመቱ ነሐሴ ሲጋመስ፣ የምዝገባ ማስታወቂያ በየትምህርት ቤቱ በር ላይ መለጠፍ ሲጀምር፣ ከሂርማታም ከቦሳም ከጂሬንም የሚመጡ ወላጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ ያነሱልኛል። «ጋሼ፣ ልጃችን ከእኩዮቹ ቀድሟል፤ እዚሁ ሰፈር ይቀጥል ወይስ ጎበዝ ጎበዙ ወደተሰበሰበበት እንውሰደው?» ይላሉ። በአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ሳስተምር በቆየሁባቸው ዓመታት ይህን ጥያቄ በትምህርት ቤት ስም መመለስ ትቻለሁ፤ ስም ብዙ ያታልላል። መልሱ የሚገኘው ልጁ በአንድ ተራ ቀን፣ ፈተናም በዓልም በሌለበት ማክሰኞ፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ምን እየሠራ እንደሆነ በማየት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈውም ይህን እንዴት ማየትና ከምን ጋር ማመዛዘን እንደሚቻል ነው።

ጥያቄው የጅማ ብቻ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት የፌርፋክስ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ላቅ ያሉ ተማሪዎችን ሲደግፉ የኖሩት በአራት እርከን ከፍለው ነው። አራተኛው እርከን ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ በሙሉ ጊዜ የሚሰጥ ሲሆን፣ ብቁ ነው የተባለ ልጅ ወላጆች የሰፈራቸው ትምህርት ቤት ይህን እርከን የሚያስተምር ከሆነ ልጃቸውን እዚያው ማቆየት፣ ካልፈለጉ ደግሞ ከየአካባቢው የተመረጡ ተማሪዎች ወደሚሰበሰቡበት ማዕከል መላክ ይችላሉ። እዚያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ የልጇ ውጤት በደረሳት ማግስት ደውላ ስታማክረኝ፣ ጅማ ተቀምጬ ያነሳሁላት ጥያቄዎች ለጎረቤቶቼ ከማነሳቸው ብዙም አልተለዩም። ልዩነቱ እሷ የተዘጋጁ ሁለት አማራጮች ቀርበውላት መምረጧ ሲሆን፣ የጅማ ወላጅ ግን አማራጮቹን ራሱ ፈልጎ ማግኘት ያለበት መሆኑ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የቀድሞው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ጥረት እንደሚደረግ ከዓላማዎቹ መካከል ጠቅሷል፤ ወላጅ ከርዕሰ መምህር ጋር ሲነጋገር ይህን ማስታወሱ አይጎዳም።

መጀመሪያ ልጁን ማወቅ

አብዛኛው ወላጅ የሚሳሳተው ካርድ አንስቶ ደረጃ ሲያይ ነው። አንደኛ መውጣትና ልዩ ተሰጥኦ አንዳንዴ ይገናኛሉ እንጂ አንድ አይደሉም። አንደኛ የሚወጣው ልጅ ደብተሩ የተሟላ፣ የቤት ሥራው የማይጎድል፣ በፈተና የማይደነግጥ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ልጅ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ደስ ብሎት እየተማረ ከሆነ ማዕከል ፍለጋ መንከራተት አያስፈልገውም። እውነተኛው ጥያቄ አንዳንዴ የሚገኘው መምህሩን በሚያሰለቸው፣ ደብተሩ ገጽ አጋማሽ ላይ በሚቋረጠው፣ ከክፍሉ አሥራ ስምንተኛ በሚወጣው ልጅ ዘንድ ነው።

እንዲህ ያለ አንድ ልጅ አውቃለሁ። አባቱ መርካቶ አካባቢ ቡና ይረከባል፤ ልጁ ያን ጊዜ 3ኛ ክፍል ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቃቸው በር ላይ ቆሜ ሳለሁ አባትየው «ሃያ ሦስት ፈረሱላ» ብሎ ለሚጽፈው ሰው ሲናገር፣ ልጁ ከተቀመጠበት ጆንያ ሳይወርድ «ሦስት መቶ ዘጠና አንድ ኪሎ» አለ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። እንዴት እንዳገኘው ስጠይቀው «ሃያ ሦስትን በሃያ አበዛሁት፣ አራት መቶ ስድሳ መጣ፤ ከዚያ ሦስት ጊዜ ሃያ ሦስት ስድሳ ዘጠኝ ነው፣ እሱን ቀነስኩ» አለኝ። ፍጥነቱ አላስደነቀኝም፤ ሱቅ የሚውል ልጅ ሁሉ በቁጥር ፈጣን ነው። ያስደነቀኝ አሥራ ሰባት ሃያ ለመሙላት ሦስት እንደሚጎድለው አይቶ መንገዱን ራሱ መፍጠሩ ነው። በዚያው ሴሚስተር ካርዱ ላይ ሒሳብ ያመጣው ከስልሳ ከፍ ያለ ነጥብ ብቻ ነበር፤ ስሌቱን ደረጃ በደረጃ ስለማይጽፍ።

አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ጆሴፍ ሬንዙሊ በ1978 እ.ኤ.አ. ባቀረበው አስተሳሰብ መሠረት ልዩ ተሰጥኦ ሦስት ነገሮች ሲገናኙ የሚታይ ነው፤ ከአማካይ ከፍ ያለ ችሎታ፣ ፈጠራ፣ እና ለያዙት ሥራ መጽናት። ይህ ለወላጅ ጥሩ መነጽር ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል ትንሽ ደብተር ይዛችሁ ልጁ ማንም ሳያዘው ረጅም ጊዜ የሚቆይበትን ነገር፣ ደጋግሞ የሚጠይቀውን ጥያቄ፣ ከተማረው ወጣ ብሎ የሞከረውን መላ መዝግቡ። «ጎበዝ ነው» ብላችሁ አትጻፉ፤ የሠራውንና ያለውን ብቻ ጻፉ። ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስትሄዱ ከካርዱ ይልቅ የሚጠቅማችሁ ይህ ደብተር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ከፍ ያለ ክፍል ፈተና መስጠት ይገባል። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጁሊያን ስታንሊ በ1971 እ.ኤ.አ. በጀመረው ጥናት የሒሳብ ተሰጥኦ ያላቸውን ታዳጊዎች የለየው በዕድሜ ለሚበልጧቸው የተዘጋጀ ፈተና በመስጠት ነበር፤ ምክንያቱም በራሳቸው ክፍል ፈተና ሁሉም መቶ አካባቢ ሲያመጡ ልዩነታቸው አይታይም። እኛም በአቅማችን ይህን ማድረግ እንችላለን። ከአንድ ክፍል በላይ ያለውን ያለፈ ዓመት የሴሚስተር ማጠቃለያ ፈተና ከምታውቁት መምህር ተውሳችሁ፣ ልጁን ሳታስጠኑ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቁርሱን ከበላ በኋላ ስጡት። ከሰማንያ በመቶ በላይ ከሠራ አሁን ባለበት ክፍል በብዛት እየጠበቀ ነው ብዬ እወስዳለሁ፤ ይህ የራሴ የሥራ ልምድ ልክ እንጂ የተደነገገ መስፈርት አይደለም።

በከተማችን ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአፋን ኦሮሞ የሚማር ልጅ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ቢፈተን የሚለካው ችሎታው ሳይሆን ቋንቋው ነው፤ በአማርኛ የሚማረውም እንደዚሁ። ፌርፋክስን የመሰሉ ወረዳዎች ከቃላት ፈተና ጎን ለጎን በቅርጾች ብቻ የሚሠራውን የናግሊየሪ ፈተና ሲጠቀሙ የቆዩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የመግቢያ ፈተና በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ትምህርት ቤት ልጃችሁን ከጣለው፣ ተሰጥኦ የለውም ማለት እንዳልሆነ ከአሁኑ እወቁት፤ ለልጁም ንገሩት።

በጅማ «ማዕከል» ሲባል

በእኛ ከተማ ወላጆች «ጎበዞች የሚሰበሰቡበት» ሲሉ በተግባር ከሦስት ነገሮች አንዱን ነው። የመጀመሪያው በመግቢያ ፈተና የሚቀበል፣ ከሰፈር ራቅ ያለ ትምህርት ቤት ነው። ሁለተኛው በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ከፍተኛ ደረጃ ያመጡትን ተማሪዎች ከየሴክሽኑ አውጥቶ አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ልዩ ክፍል ነው። ሦስተኛው በቅዳሜ ወይም በክረምት ለተመረጡ ልጆች የሚሰጥ የሳይንስ፣ የሒሳብ ወይም የኮምፒውተር ትምህርት ነው። ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሦስተኛው ከሰፈር ትምህርት ቤት ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላልና። ልጁን 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ማስቀመጥንም እንደ አማራጭ የሚያነሱልኝ አሉ። ለአንደኛ ደረጃ ልጅ አልመክረውም። አዳሪ ትምህርት ቤቶችም በአብዛኛው የሚቀበሉት የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ ለዚያ የሚቸኩል የ4ኛ ክፍል ወላጅ ጊዜ አለው።

ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ማየት

የምርጫው ልብ ይህ ነው፤ የሚዘለለውም ይኸው ነው። ወላጆች ግቢውን፣ ቀለሙን፣ የኮምፒውተር ክፍሉን አይተው ይመለሳሉ፤ ትምህርት ሲሰጥ ግን አያዩም። ርዕሰ መምህሩን በትሕትና አስፈቅዱ፤ በአንደኛው ካልተፈቀደ በሌላ ቀን ጠይቁ። ሲፈቀድ ከኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ፣ ስልክ ዘግታችሁ፣ አንድ ወረቀት ለሁለት ዓምድ ክፈሉ፤ በአንዱ ልጁ የሚሠራባቸውን ደቂቃዎች፣ በሌላው የሚጠብቅባቸውን ጻፉ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው።

ለአንዲት ጎረቤቴ ልጅ ይህን አድርጌላታለሁ፤ 4ኛ ክፍል ነበረች። መምህርቷ አሥር የክፍልፋይ ጥያቄዎች ሰሌዳ ላይ ጻፈች፤ ልጅቱ በ9ኛው ደቂቃ ጨረሰች። ከዚያ ግራ ቀኟን አየች። በ14ኛው ደቂቃ ገና ያልተጻፈባቸውን የደብተሯን ገጾች በቀይ እስክሪብቶ ማስመር ጀመረች፤ ስድስት ገጽ አሰመረች። በ20ኛው ደቂቃ ላጲስ ለኋላዋ ልጅ አቀበለች፣ መልሳ ወሰደች፣ እንደገና አቀበለች፤ «አትረብሺ» ተባለች። መምህርቷ ማረም የጀመረችው በ31ኛው ደቂቃ ነበር። ከ40 ደቂቃ 22ቱ ጥበቃ ነው። መምህርቷን መውቀስ አይገባም፤ ክፍሉ ጢም ብሎ የሞላ ነበር፣ አሥሩን ጥያቄ ገና ያልጀመሩም ነበሩ።

በሳምንቱ ወላጆቿ ሊወስዷት ወዳሰቡት ትምህርት ቤት ሄድን። ልዩ ክፍል ነው የተባለው፤ ርዕሱም ያው ክፍልፋይ ነበር። ልዩነቱ በአሥር ፈንታ ሠላሳ ጥያቄ መሰጠቱ ነበር፤ ሁሉም አንድ ዓይነት። እዚያ ብትሆን ልጅቱ አትጠብቅም ነበር፤ አዲስ ነገር ግን አታገኝም ነበር። ይህ በየቦታው የማየው ስሕተት ነው፤ ለጎበዝ ልጅ የሚሰጠው የተለየ ሥራ ሳይሆን የበዛ ሥራ ነው። ልጆቹ ደግሞ ቶሎ ይነቁበታል፤ ቶሎ መጨረስ ተጨማሪ ሠላሳ ጥያቄ እንደሚያስከትል ሲያውቁ ቀስ ብለው መሥራት ይጀምራሉ።

የተለየ ሥራ ማለት ምን እንደሆነ የሰፈሩ መምህርት ራሷ አሳየችን። የልጅቱ እናት የደቂቃዎቹን ወረቀት ይዛ፣ ያለ ክስ፣ «ቶሎ ስትጨርስ የምትይዘው አንድ ነገር ቢኖርስ?» ብላ ስትጠይቃት፣ መምህርቷ ማግስቱን ከደብተር በተቀደደች ቁራጭ ወረቀት ላይ «ከግማሽ የሚበልጥ፣ ከሁለት ሦስተኛ የሚያንስ ክፍልፋይ ስንት ታገኛለሽ? ያልቃል?» ብላ ጽፋ ሰጠቻት። ልጅቱ ሦስት አምስተኛን አገኘች፣ ቀጥላ አራት ሰባተኛን፣ አምስት ስምንተኛን፤ ቤት ስትገባም «አያልቅም መሰለኝ፣ ግን ለምን እንደማያልቅ አላወቅሁም» እያለች ነበር። ያች ቁራጭ ወረቀት በየቀኑ መምጣት ስትጀምር ወላጆቹ መልቀቂያ የማውጣቱን ነገር ተዉት።

የሰፈሩን ትምህርት ቤት የሚያስመርጡ ሁኔታዎች

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ በሰፈሩ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ አንድ መምህር አለ ወይ የሚለው ነው። ሬንዙሊና ባልደረባው ሳሊ ሬስ ያስፋፉት አንድ ዘዴ አለ፤ መምህሩ ልጁ ምዕራፉን አስቀድሞ ያውቅ እንደሆነ በአጭር ፈተና ያያል፣ የሚያውቀውን ክፍል እንዲዘል ያደርጋል፣ በተረፈው ጊዜ ጠለቅ ያለ ሥራ ይሰጠዋል። ሬስና ባልደረቦቿ በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ለእንዲህ ያሉ ተማሪዎች ከመደበኛው ትምህርት ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ቢቀነስም ውጤታቸው እንዳልወረደ ታይቷል። ልዩ መጽሐፍም ሆነ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የመምህሩን ፈቃደኝነትና የወላጁን ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

ሁለተኛው ጥያቄ እኩያ አለው ወይ የሚለው ነው። መምህሩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ሐሳቡን የሚከራከርለት አንድም ልጅ የሌለበት ልጅ ብቻውን ነው። መስከረም ላይ ተማሪዎች በየሴክሽኑ ሲመደቡ፣ ፈጠን የሚሉት አምስት ስድስት ልጆች በየክፍሉ ከሚበተኑ በአንድ ሴክሽን እንዲቀመጡ ዩኒት ሊደሩን መጠየቅ ይቻላል። ምደባው ከተለጠፈ በኋላ ግን ማንም ሊነካው አይፈልግም፤ ጥያቄው ከጳጉሜን በፊት መቅረብ አለበት።

ትምህርቱ በፈረቃ የሚሰጥ ከሆነ ብዙዎች እንደ ጉድለት ያዩታል። ለዚህ ዓይነቱ ልጅ ግን ነፃ የሆነው ግማሽ ቀን በአግባቡ ከተያዘ ሀብት ሊሆን ይችላል፤ ለንባብ፣ ለሳይንስ ክበብ፣ የተበላሸ ሬዲዮ ፈታቶ ለመግጠም።

ደብል መምታትን፣ ማለትም አንድ ክፍል ዘልሎ ማለፍን፣ በተመለከተ፣ የቀድሞዎቹ ትውልዶች ይወዱት ነበር። በከፍተኛው ክፍል ፈተና ከፍተኛ ነጥብ ለሚያመጣ፣ በቁመናም በጠባይም ለሚችል ልጅ አሁንም ትክክለኛ መንገድ ሊሆን ይችላል። በአንድ ትምህርት ብቻ ለቀደመ ልጅ ግን አይሆንም፤ ቡና ሱቅ ያየሁት ልጅ ንባቡ ገና የ3ኛ ክፍል ነበርና ወደ 5ኛ ቢገፋ በሒሳብ ያገኘውን በሌሎቹ ትምህርቶች ያጣው ነበር።

ማዕከሉን ስትመርጡ

ማዕከል የሚያሸንፍበት ጊዜ አለ፤ አልክድም። በሰፈሩ ትምህርት ቤት የሚረዳ መምህር ጠፍቶ፣ እኩያም ጠፍቶ፣ ልጁ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ማለት ከጀመረ፣ ማዕከሉ ደግሞ በሁለት ዓምዱ ወረቀት ላይ በእርግጥ የተለየ ሥራ ካሳየ፣ ውሰዱት። እንደ እሱ የሚያስቡ ልጆች መካከል መቀመጥ የሚሰጠው እፎይታ ትልቅ ነው።

ሦስት ነገሮች ግን አስቀድማችሁ አስቡ። የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ተመራማሪው ኸርበርት ማርሽ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳሳየው፣ እኩል ችሎታ ካላቸው ልጆች መካከል ጎበዞች በበዙበት ትምህርት ቤት የሚማሩት ስለ ራሳቸው የትምህርት ችሎታ ያላቸው ግምት ዝቅ ይላል፤ ልጅ ራሱን የሚመዝነው በአጠገቡ ካሉት ጋር ነውና። ካርድ ላይ ደረጃ በሚጻፍበት፣ ደረጃውም ለጎረቤት ሁሉ በሚነገርበት በእኛ አገር ይህ ይብሳል። ሁልጊዜ አንደኛ ሲወጣ የኖረ ልጅ ዘጠነኛ ወጥቶ ሲመጣ ቤት ውስጥ የሚሰማውን ቃል ከመዛወሩ በፊት ተስማሙበት፤ አያት ድረስ።

ሁለተኛው የማስተማሪያ ቋንቋ ነው። በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ እየተማረ የቆየ ልጅ ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ወደሚሰጥበት ሲዛወር ለአንድ ዓመት ያህል ደካማ ሊመስል ይችላል። መምህሮቹ ይህን የሚረዱ መሆናቸውን ጠይቁ፤ «ቶሎ ይለምዳል» የሚለው መልስ በቂ አይደለም፤ ማን፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚያግዘው ይንገሯችሁ።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። የአክስቴ ልጅ ማዕከሉን ብትመርጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነበራት። ጅማ ላይ ሰርቪስ ከሌለ የኮንትራት ባጃጅ ነው፣ ክረምታችን ደግሞ ረጅም ነው፤ ዝናቡ መስከረምንም አልፎ ይቀጥላል። መንገዱን ምዝገባ ከመፈጸሙ በፊት በሥራ ቀን፣ በትምህርት መግቢያ ሰዓት፣ ቢቻል እየዘነበ ሞክሩት። ልጁ አሁን ከሚነሳበት ሰዓት ስንት ደቂቃ ቀድሞ መነሳት እንዳለበት አስሉ፤ በአንደኛ ደረጃ ዕድሜ የተቀነሰ እንቅልፍ በማንኛውም ልዩ ክፍል አይካካስም። ወጪውንም ስታስሉ የወር ክፍያውን ብቻ ሳይሆን የምዝገባውን፣ የዩኒፎርሙን፣ የመጓጓዣውንና የምሳ ዕቃውን ደምሩ፤ ታናናሾቹም ነገ ተመሳሳይ እንደሚጠይቁ አትርሱ።

ሁለቱ ከተመጣጠኑ፣ በተለይ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላለ ልጅ፣ እኔ ወደ ሰፈሩ አደላለሁ። ከቅዳሜ ወይም ከክረምት ትምህርት ጋር ሲጣመር ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ከ5ኛ ክፍል በኋላ ትምህርቱ እየጠለቀ፣ መምህሩም በየትምህርቱ እየተለየ ስለሚሄድ ሚዛኑ ወደ ማዕከሉ ሊያጋድል ይችላል።

ልጁንም ጠይቁት። «መሄድ ትፈልጋለህ?» ብላችሁ አይደለም፤ እናንተ የምትፈልጉትን ገምቶ ይመልስላችኋል። ሁለቱንም ክፍሎች ካየ በኋላ «እዚያ ምን አየህ? ከማን ጋር ተቀመጥክ? ምን ጠየቁህ?» በሉት። ቡና ሱቅ ያየሁት ልጅ ከማዕከሉ ጉብኝት ተመልሶ ስለ ሕንጻው ምንም አልተናገረም፤ አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ኳስ ውስጥ ያለውን አየር እንዴት እንደሚመዝኑ እንደጠየቀው ብቻ ለአባቱ ሲያወራ አመሸ። አባትየው ያንኑ ሳምንት አስመዘገበው።

ከወሰናችሁ በኋላ መልቀቂያውን ስታወጡ የካርዱን ኮፒ ቤት አስቀሩ፤ ከቀድሞው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርም በመልካም ተለያዩ፣ በሁለተኛው ሴሚስተር ቦታ ይኖር እንደሆነም ጠይቁት። ጥር ላይ የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ፣ ደረጃውን ከማየታችሁ በፊት፣ እንደገና አስፈቅዳችሁ ከኋላ ወንበር ተቀመጡና 40ውን ደቂቃ በሁለቱ ዓምዶች መዝግቡ። የጥበቃው ዓምድ ከመዛወሩ በፊት ከመዘገባችሁት ካልቀነሰ፣ ልጁን ለመመለስ የሁለተኛው ሴሚስተር መጀመሪያ ከዓመቱ መጨረሻ የተሻለ ጊዜ ነው።